አውራጃውን የጠየቅከኝ ዕለት

ውድ ዱዌይን፣

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። አሁንም አሥር ሜትር የሚረዝመውን ቤት መኪናዬን፣ ከኋላ ቆሞ የሚያሳየኝ ሰው ሳይኖር፣ ወደ ኋላ ነድቼ ቦታው አስገባለሁ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ የሚያፈሰውን እደፍናለሁ። የመጸዳጃውን ታንክ ራሴ እደፋለሁ፣ ቱቦውንም ራሴ አጥባለሁ። ባለቤቴ ኦፓል ከሞተች አራት ዓመት አለፈ፤ እስካሁን ሸሚዜን ለማንም ሰጥቼ አላሳጠብኩም። ይህን ሁሉ የምዘበዝብህ ከዚህ በታች የማልችለውን ስለምነግርህ ነው። የምችለውም እንዳለ አስቀድመህ እወቅልኝ።

ደብዳቤው አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል። መኪናዬ የሚጠገንበት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ወይዘሮ ሃስኬት የምትባል ሴት አለች፤ ፊደሌን ታርምልኛለች። ቃሉን እንዳትነኪብኝ ብያታለሁ፣ አልነካችም። ሌስተር ቤተ መጻሕፍት ምን ሊሠራ ገባ ትል ይሆናል። ዱዌይን፣ እኔ ማንበብ አልችልም። እስካለፈው ወር ድረስ አልችልም ነበር ልበል፤ አሁን በጣቴ እየተከተልኩ ጥቂት ጥቂት እችላለሁ። አባቴ ከአራተኛ ክፍል አስወጥቶ ድንች ለቀማ ውስጥ ከተተኝ፣ በዚያው ቀረሁ።

ቁጥር ከሆነ ማንም አይቀድመኝም። አርባ ዓመት እህል በከባድ መኪና ያመላለስኩት በመንገድ ቁጥር ነው። ስም የምታነበው ኦፓል ነበረች። መኪናችንን ቤታችን ካደረግን ጀምሮ ባቆምን ቁጥር ያለንበትን አውራጃ ስም ጽፋ በሩ አጠገብ ትለጥፍ ነበር። የአየር ጠባይ ሬዲዮ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሰውን ተሸሸጉ የሚለው በአውራጃ ስም ነው፤ እንደኛ ያለ መንገደኛ ደግሞ ዛሬ የትኛው አውራጃ ውስጥ እንዳደረ አያውቅም። ኦፓል ስትሞት ወረቀቱም ቀረ። እኔም ሰማዩን አይቼ አውቃለሁ ብዬ ተጓዝኩ።

ከደቡብ ዳኮታ ጀምሮ አምስት ሳምንት አብረን ስንጓዝ አላወቅክብኝም። ነፋስ የሸረሸራቸውን ኮረብቶች አየን፤ ነብራስካ ላይ እንደ ጭስ ማውጫ ወደ ላይ የወጣውን ቋጥኝ አየን፤ እዚያው በረዶ የጣሪያ መስኮቴን ሲሰባብርብኝ፣ ነፋሱም ሦስት ቀን ከቦታችን አላንቀሳቅስ ሲለን አንድ ድስት ሾርባ ተካፍለናል። በየሄድንበት የታሪክ ሰሌዳ አለ። እኔ ሰሌዳው ፊት እቆምና በልቤ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ፤ ከዚያ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ አልፋለሁ። አንድ ቀን ሲደክመኝ ጊዜ ሃያ ላይ ትቼ ስሄድ ሚስትህ ማርቪስ አየችኝ። ከዚያ ወዲያ ሰሌዳ ባገኘች ቁጥር ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ለዱዌይን ነው፣ መነፅሩን ረስቷል ትላለች። መነፅርህ አፍንጫህ ላይ ነው። አንተ ልትከራከር አፍህን ስትከፍት በክርኗ ትጎስምሃለች። እሷ አውቃብኝ ነበር ማለት ነው። አንድም ቀን አላሳፈረችኝም።

ካንሳስ ሐይቁ ዳር ባለው የመንገደኞች ማረፊያ የሆነውን አሁን እንዳለ ልጻፈው። ጁን ገና መግባቱ ነው፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ። ሰማዩ እንደቆየ የመዳብ ዕቃ አረንጓዴ ሆኗል። አንተ ቋሊማ እየጠበስክ ነበር፣ ሬዲዮህ ጠረጴዛው ላይ ነው።

"ሌስ፣ ቶሊቨር አውራጃ ያላችሁ ተሸሸጉ እያለ ነው" አልከኝ። "እኛ ያለነው የትኛው ውስጥ ነው?"

"ብራንት" አልኩህ። "ቶሊቨርን ትናንት አልፈነዋል።"

"እርግጠኛ ነህ? መግቢያው ላይ ተጽፎ ነበር መሰለኝ፣ ልብ ብዬ አላየሁትም።"

"እኔ አይቼዋለሁ። ይልቅ ቋሊማህን አታሳርር።"

ሳቅክና "እንግዲህ ሽማግሌው ካለ አለ ነው" ብለህ ሬዲዮውን ዘጋህ።

ብራንት የሚለውን ስም ከየት እንዳመጣሁት ታውቃለህ? ከሁለት ቀን በፊት አንድ ነዳጅ ማደያ ቆመን ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ጆሮዬ ጥልቅ ብሎ ነው። የመግቢያውን ሰሌዳ አይቼዋለሁ፣ እሱ እውነት ነው። ፊደሎቹ እንጨት ላይ ተቀርጸው ነጭ ቀለም ተቀብተዋል። ከዚያ በላይ የማውቀው አልነበረም፤ ቶሊቨር ይል እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። አላውቅም ብልህ ኖሮ ሃምሳ እርምጃ ሄደህ የማረፊያውን ቢሮ ትጠይቅ ነበር፤ መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ ከቢሮው ጀርባ ነው፣ በብሎኬት የተሠራ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ሊሸሸግ የገባበት። እኔ ግን አላውቅም ማለት ከአፌ አልወጣ አለ።

ማርቪስ የድንች ሰላጣውን ላምጣ ብላ ተጎታች ቤታችሁ ውስጥ ገባች። በረዶው መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ቀጥ አለ። ያን ጊዜ ነው የከተማውን የማስጠንቀቂያ ጡሩምባ ከሩቅ የሰማነው። አንተ ወደ እሷ ስትሮጥ እኔ ቀበቶህን ይዤ አጠገባችን ያለው ቦይ ውስጥ ጣልኩህ። ለዚህኛው ይቅርታ አልጠይቅህም። አውሎ ነፋሱ አልፎ ቀና ስንል ቤታችሁ ተገልብጦ ጎማው ወደ ሰማይ ነበር።

ቦታ አሥራ አራት ላይ የነበረው ቴክሳሳዊ ግድግዳውን በመኪናው ሰንሰለት ጎትቶ ቀደደና አወጣናት። ዳሌዋና ክንዷ ተሰብሮ፣ ሰላጣው ተደፋ ነበር ያለችን።

ሆስፒታል ልጅህ ቴሪ ሊን ከሚዙሪ እየነዳች ደረሰች። ኮሪደሩ ላይ ሬዲዮ አልነበራችሁም ወይ፣ ማስጠንቀቂያ አልተነገረም ወይ እያለች አፋጠጠችህ። አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየህ። ከዚያ "ሬዲዮውን በደንብ አልሰማሁትም" አልካት። እኔ አጠገብህ ቆሜ ነበር፣ ዝም አልኩ። እኔን ልትሸፍን ብለህ ይሁን፣ በድንጋጤ ጠፍቶብህ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። የትኛው እንደሚብስብኝም አላውቅም።

ባለፈው ወር ማርቪስ ደወለችልኝ። ቴሪ ሊን የመኪና ቁልፍህን እንደወሰደችብህ፣ ጆሮህን እንዳስመረመረችህ፣ አሁን ደግሞ አእምሮህን ልታስመረምር ቀጠሮ እንደያዘች ነገረችኝ። እኔ ምን ልበል፣ መንዳቱን ታስተወዋለች ማለት ነው አልኩ።

"መንዳቱስ ይቅር፣ ሌስ" አለችኝ። "ራሱን ማመን ትቷል። ምድጃውን ዘግቼዋለሁ ወይ ብሎ ሦስቴ ተመልሶ ያያል። ሬዲዮው ምን ነበር ያለው ስለው፣ እንጃ፣ ምናልባት ሰምቼ ይሆናል ይለኛል።"

ስልኩን ዘጋሁ። ደክሞኛል ዱዌይን። መንገዱ አይደለም ያደከመኝ፤ ሰባ ዓመት ሙሉ የሚያነብ ሰው መምሰል ነው። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍቱን አንኳኳሁ።

እንግዲህ ስማኝ። ጆሮህ ደህና ነው። አእምሮህም ደህና ነው። ሬዲዮው ቶሊቨር አለ፣ አንተም ቶሊቨር ብለህ ነገርከኝ። መጠየቅ ያለበትን ነገር በሰዓቱ ጠየቅክ። አፌን ሞልቼ የዋሸሁህ እኔ ነኝ፣ ሌስተር ግሩብ። ይህን ለቴሪ ሊን አንብብላት። እኔን ላለማጋለጥ ብለህ ብትደብቀው አልቀየምህም ማለት አልችልም፣ እቀየምሃለሁ።

መኪናዬ ሐሙስ ይደርስልኛል፣ ዓርብ ወደ እናንተ እነሣለሁ። ዕዳዬን በሌላ ሰው አላስከፍልም። ለቴክሳሱ ሰውዬ አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩትም፤ የማረፊያው ቢሮ አድራሻውን ሰጥቶኛል፣ በራሴ እጅ እጽፍለታለሁ። ለማርቪስ የበረንዳችሁን ደረጃ አንሥቼ በተሽከርካሪ ወንበር የምትወጣበት መወጣጫ እሠራላታለሁ፣ መጋዜን ይዣለሁ። ለቴሪ ሊን እዚህ የጻፍኩትን ፊት ለፊት ቆሜ በአፌ እደግምላታለሁ፤ የፈለገችውን ትበለኝ፣ እስክትጨርስ እሰማታለሁ። ላንተ ያለብኝ ግን የጠየቅከኝ ቀን መስጠት የነበረብኝ መልስ ነው፦ አላውቅም። የናንተን ከተማ አላውቀውም፣ መንገዱንም አላውቀውም። በየማደያው እየወረድኩ ሰው እጠይቃለሁ።

ሌስተር ግሩብ