በቀስታ ስለተለካ ቤት

ለተከበሩ የወረዳችን የንብረት ግብር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ ከመላው ባልደረቦችዎ፣ ከማኅተምዎና በመስኮት ቁጥር ሦስት ላይ ዓመቱን ሙሉ ከቦታው ካልተነሣው «ለጊዜው የለም» ከሚለው ጽሑፍ ጋር በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ በማድረግ፣ ጎንበስ ብዬ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔም ደህና ነኝ፤ ቢያንስ የሚያመኝ ነገር የለም።

ለማስታወስ ያህል፣ በገበያው ጥግ አርባ ዓመት ሙሉ ሱሪ ሳሳጥርና ኮት ሳጠብብ የኖርኩት ልብስ ሰፊ ነኝ። ክቡርነትዎ በተሾሙበት ዕለት የለበሱት ሙሉ ልብስ ወገቡ ሁለት ጊዜ የሰፋው በእኔ እጅ ስለሆነ፣ ፈጽመን አንተዋወቅም ለማለት አልደፍርም። ይህን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያነበው በግልጽ የጻፍኩት በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው፤ ያም በሥራ ብዛት እንጂ በንቀት እንዳልሆነ ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ጉዳዬ አጭር ነው፦ የቤቴ ግብር ይቀነስልኝ። ካልተቀነሰ፣ ቤቴ በወሩ መጨረሻ ለጨረታ እንደሚቀርብ የሚናገረው ማስታወቂያችሁ በሬ ላይ ተለጥፏል። ስለ ሙጫው ጥራት ሳላመሰግን አላልፍም፤ ሁለት ቀን ዝናብ ወርዶበት ንቅንቅ አላለም።

አቤቱታዬን በቁጥር ከፋፍዬ ማቅረቤ የክቡርነትዎን ጊዜ ላለመሻማት ነው።

፩ኛ፦ ባለፈው ዓመት የጽሕፈት ቤትዎ ለኪ ባለሙያ ወደ ቤቴ በመጣ ጊዜ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሜትር ተበጥሶ አዲስ እስኪገዛ እየተጠበቀ ስለነበር፣ በመመሪያው መሠረት አንድ እርምጃ እንደ አንድ ሜትር እየተቆጠረ ቤቱ በእግር ሊለካ ግድ ሆነ። በዚያ ዕለት ባለቤቴ በጠና ታማ በውስጠኛው ክፍል ተኝታ ነበር። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዐይኗ ሳይዞር ከርማ ገና ሸለብ ማድረጓ ነው፤ ወለላችን ደግሞ ጣውላ ስለሆነ በረገጡት ቁጥር ይጮኻል። ስለዚህ ባለሙያውን፣ ወንድሜ፣ እባክህ ቀስ ብለህ እርገጥልኝ ብዬ ለመንኩት። እሱም እግዜር ይስጠውና ጫማውን አወለቀ፤ ጫማውን በአንድ እጁ፣ መዝገቡን በሌላው ይዞ በእግሩ ጣቶች ብቻ እየቆመ፣ አንዱን እግር ከሌላው ብዙም ሳያርቅ፣ ከፊት በር እስከ ጓሮ በር ሃያ ሰባት፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አሥራ ስድስት ቆጠረ። እሷም አልነቃችም። እንግዲህ ቤቴ ርዝመቱ አሥራ ሁለት ሜትር፣ ወርዱም ሰባት ሜትር ነው፤ በባለሙያው ጨዋነት ምክንያት ግን ሰማንያ አራት ካሬ የነበረው አራት መቶ ሠላሳ ሁለት ካሬ ሆኖ ተመዘገበ። በዚህም ከዱቄት ፋብሪካው መጋዘን ቀጥሎ በወረዳው ሁለተኛውን ሰፊ ቤት ያለኝ ሰው ለመሆን በቅቻለሁ። ለክብሩ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ ስሕተቱን ለማስረዳት ቤቱን በገዛ ሜትሬ ለክቼ ብመጣ፣ የመስኮት ቁጥር ሦስት ጸሐፊ ሜትሬን በሁለት ጣቷ አንሥታ አየችና፣ አባባ፣ ይሄ ለሱሪ ነው እንጂ ለቤት አይሆንም፣ ደግሞም ማኅተም የለውም ብላ መለሰችልኝ። ትክክል ናት፤ ማኅተም የለውም። ክቡርነትዎም ወገብዎን በዚሁ ሜትር በለካሁ ጊዜ ማኅተም አልጠየቁኝም፤ ውጤቱ ምንም ባያስደስትዎ አምነው ተቀበሉኝ። በአርባ ዓመት ሥራዬ አንድም ደንበኛ በእርምጃ ለክቼ አላውቅም፤ ለምን እንዳልሞከርኩት አሁን እቆጫለሁ፤ ጨርቅ ሻጩ ይወደኝ ነበር።

፫ኛ፦ የጎደለውን ሦስት መቶ አርባ ስምንት ካሬ እስካሁን እየፈለግሁት ነው። እንደ መዝገባችሁ ከሆነ ሳሎኔ አጥር ጥሶ፣ የጎረቤቴን የዶሮ ቤት አቋርጦ፣ የዋናውን መንገድ ግማሽ ይዟል። ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀልድ ይወዳል። ወንድም ጋሼ፣ ዶሮዎቼ ሳሎንህ ውስጥ ነው የሚያድሩት አሉ፣ ኪራዩን በዕንቁላል ትቀበለኛለህ ወይ እያለ ጠዋት ጠዋት በአጥር ላይ ይጠይቀኛል። እኔም እስቃለሁ፤ መሳቅ እንዳለብኝ ስለማውቅ።

እውነቱን ልናገርና፣ መዝገባችሁ ፈጽሞ ተሳስቷል ለማለትም ይከብደኛል። ጠዋት ከአልጋዬ ተነሥቼ ሻይ ለመጣድ ስሄድ መንገዱ ይረዝምብኛል። ሁለት ኩባያ አወርድና አንዱን እመልሳለሁ። በዚህ ሒሳብ ቤቱ አራት መቶ ካሬ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ይህ ግብር የሚከፈልበት ስፋት መሆኑን በመመሪያው ላይ አላገኘሁም።

፬ኛ፦ ግብር ይቀነስልኝ የሚል አመልካች፣ በቤቱ ካርታ ላይ ስማቸው የሰፈረ ሰዎች ሁሉ በአካል ቀርበው እንዲፈርሙ ቅጻችሁ ያዛል። ጸሐፊዋ ቅጹን አገላብጣ፣ እማማም ይምጡና ይፈርሙ አለችኝ። ባለቤቴ ቤቱ በተለካ በአሥራ አንደኛው ቀን ማረፏን ነገርኳት። ነፍስ ይማር ብላ፣ የሞት ማስረጃ አምጣ አለችኝ፤ አመጣሁ። የወራሽነት ማስረጃም ያስፈልጋል አለችኝ፤ ያንን የሚሰጠው በኮሪደሩ ማዶ ያለው ክፍል ነው። ሄድኩ። እዚያ ያለው ሰውዬ ደግሞ፣ ግብር የተከፈለበት ወረቀት ከመስኮት ቁጥር ሦስት ካላመጣህ አይሆንም አለኝ። ኮሪደሩን ስምንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። በእኔ እርምጃ ሃያ ሁለት ሜትር ነው፤ ግብሩን ማን እንደሚከፍልበት አላውቅም።

ያን ዕለት ወደ ሱቄ ተመልሼ የአንድ ሸሚዝ ቁልፎች ተከልኩ። መናደድ ነበረብኝ፤ አልተናደድኩም። ለቅሶም አልመጣልኝም። መርፌው ጣቴን ሲወጋኝ እንኳ ያወቅሁት በሸሚዙ ላይ ደሙን ካየሁ በኋላ ነው፤ ሸሚዙን አጥቤ ለባለቤቱ ሰጠሁት።

፭ኛ፦ የግብር ማስታወቂያችሁ በየሦስት ወሩ በባለቤቴ ስም ይመጣል፤ የእኔ ስም ከሥር ነው። ይህን እንድታስተካክሉ አልጠይቅም። ከእናንተ በቀር ስሟን የሚጽፍ ሰው የለኝም። ስለዚህኛው ከልቤ አመሰግናለሁ።

ልጄ በስልክ፣ አባዬ፣ ሽጠውና እኛ ጋ ና፣ ከወረቀት ጋር ስትታገል ልትሞት ነው ወይ ትለኛለች። ደግ ልጅ ናት፤ ባሏም ደግ ሰው ነው። እኔ ግን ከዚህ ቤት መውጣት አልፈልግም። ጣውላዎቹን አንድ በአንድ የመረጠቻቸው እናቷ ናት፤ ከመኝታ ቤቱ ደጃፍ ሦስተኛው ጣውላ በጣም ስለሚጮኽ በታመመችበት ጊዜ እሱን ተሻግሬ መርገጥ ለምጄ ነበር። አሁንም እሻገረዋለሁ። ሌላ ቤት ብሄድ ምኑን እንደምሻገር አላውቅም።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጨረታው ከመድረሱ በፊት ቤቴ በሜትር ይለካልኝ፤ በእናንተም ይሁን በእኔ። ሰማንያ አራት ካሬ ሆኖ ከተገኘ የሰማንያ አራቱን ግብር እከፍላለሁ። ለኪ ባለሙያውን ግን በዚህ ምክንያት እንዳትቆጡት አደራ እላለሁ፤ ከዚያ መሥሪያ ቤት የለመንኩትን ያደረገልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ የማይበጠስ ሜትርና ለሦስተኛ ጊዜ መስፋት የማያስፈልገው ሱሪ እየተመኘሁ፣ በመዝገብዎ የአራት መቶ ሠላሳ ሁለት ካሬ፣ በእውነቱ ግን የሰማንያ አራት ካሬ ነዋሪ የሆንኩት ታዛዥዎ፤

የገበያው ጥግ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ አዲሱ ሜትር እስካሁን ካልተገዛ፣ ባለሙያው እንደ አምናው በእርምጃ ቢለካም ግድ የለኝም። ጫማውን ግን አያውልቅ፤ እንደ ልቡ ሰፋ አድርጎ ይርገጥ። የምትነቃ የለችም።