ፔሮቭስካይቱን በሞርሳ

መሐል ሜዳ፣ የካቲት ፯ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም.

ዛሬ የእህቴን ልጅ የአስካለን ደም አፈሰስኩ። ለምርምሯ ከዩኒቨርሲቲ ያመጣችውን፣ ፔሮቭስካይት የሚባል ከፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ቅብ የተቀባ መስታወት አሳየችኝ። «ጋሼ፣ ይኼ በሁለት አልማዝ መካከል ሲጨመቅ ይጠቁራል፤ የፀሐይ ብርሃንም አብዝቶ ይይዛል። ከልክ ሲያልፍ ግን ይፈርሳል» አለችኝ።

«እዚህ ያለችን አልማዝ አክስትሽ ብቻ ናት፤ ሞርሳዬ ይበቃል!» ብዬ እየሳቅኩ ብረት በምይዝበት ሞርሳ አስገብቼ አጠበቅኩት።

«ኧረ ይተዉ! ጫናው ከዙሪያው እኩል ካልሆነ…» ብላ ልትነጥቀኝ ስታጎነብስ እንደ ጥይት ጮኾ ፈነዳ። ስባሪው ከቅንድቧ እስከ ዓይኗ ሰነጠቃት። ደሟ ሞርሳውን አለበሰው። ቁስሏን በጋቢዬ ሸፍኜ ጤና ጣቢያ አደረስኳት።

ዓይኗ መትረፍ አለመትረፉ ነገ ይታያል ተባለ። ፊቷ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ «ጋሼ፣ ጠቁሮ ነበር?» አለችኝ።

«ጠቁሮ ነበር» አልኳት።

ያየሁት ግን ቀይ ብቻ ነው።