አስራ ሁለተኛው ስልክ

ጥር 6
ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ጠዋት ፈተና አረምኩ። አርባ ሁለት ወረቀት፣ ግማሹ «ሚዲያ ማለት መገናኛ ነው» ብሎ የቆመ። እኔ አስተምሬያቸው ነው እንግዲህ።

ከሰዓት ስልክ ሰበሰብኩ። ዘጠኝ ሆኑ።

ዳታ ከተቋረጠ ወዲህ የመካነ ሰላም ሰው ስልኩን ደሴ ይልካል። በሚኒባስ፣ ከሚያምነው ሰው ጋር። እዚያ ዋይፋይ ያለበት ሻይ ቤት ይከፈታል፣ ከአረብ አገር የተላከው የድምፅ መልእክት ይወርዳል፣ ስልኩ ተመልሶ ለባለቤቱ ይሰጣል። እኔ ይህንኑ ነው የማጠናው። በዚህ ዙር ተሸካሚው ራሴ ነኝ። ጥምቀት እንዳለፈ፣ ጥር 13 እሄዳለሁ። መልእክቱን እንድሰማም ሁሉም በጣት አሻራ ፈቅደውልኛል።

የመጨረሻዋ እትየ ሀያት ነበሩ። ገበያ ላይ በርበሬ ይሸጣሉ። አንድ ልጃቸው ሁዳ ሪያድ የሰው ቤት ትሠራለች። ለመደወያ የሚሆን ገንዘብ አይተርፋትም፤ የአሠሪዎቿን ዋይፋይ ስታገኝ ብቻ በኢሞ ድምፅ ትልካለች። ስልኩን ከመቀነታቸው ፈተው ሰጡኝ። ለአገር ውስጥ ደወል ትንሿ ስልኬ ትበቃኛለች አሉ።

«መምህር፣ የልጄን ድምፅ ቶሎ አምጣልኝ እንጂ ሌላው ገደል ይግባ።»

በሳምንት ውስጥ አልኩ። በወረቀቴ ላይ ተሳታፊ 9 ናቸው።

ጥር 10
የመመረቂያ ጥናቴ አማካሪ ደወለ። ዘጠኝ ስልክ ያንሳል አለ። «አስራ ሁለት አድርገው። ገምጋሚዎቹ ቁጥር ይወዳሉ።» ልክ ነው... መንገዱም አድካሚ ነው። ሁለቴ ከመመላለስ አጠናቅቆ አንዴ መሄድ ይሻላል። ጉዞውን አዛወርኩት። ስልኮቹ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፣ ጠፍተው፣ በቁጥር ተደርድረው።

ጥር 18
አስር። ሌላ አንድ ሰውዬ እሺ ካለኝ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። «ሚስቴ የምትለኝ ነገር አንተን ምን አገባህ?» እውነት፣ ምን አገባኝ?

እትየ ሀያትን መደባቸው ላይ አገኘኋቸው። «ኸይር ነው? ሄደህ መጣህ?» አሉኝ። ገና ነኝ፣ የሚቀሩ ሰዎች አሉ አልኩ። «የሚቀሩት ይቅሩዋ!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ጥር 25
አስራ አንድ። አንዱን ፍለጋ አቀስታ ድረስ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። አንድ ብቻ...

ጥር 29
አከራዬ ጋሽ ንጉሡ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። በጠራራ ቀን ሱቅ የሚዘጉ ሰው አይደሉም። ሪያድ ያለች የአገር ልጅ ደውላላቸው ነው። ሁዳ ከትናንት በስቲያ ሞታለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር።

«ማን ያውቃል?» አልኩ።

«ሰፈሩ ያውቃል። እናትየዋ ብቻ ናት ያላወቀች።»

መርዶ እንዲህ ዝም ብሎ አይነገርም። ወንድማቸው አሕመዲን ከከላላ መምጣት አለበት፤ ያለ ዘመድ ማን ደግፎ ይይዛቸዋል? የከላላው መንገድ ደግሞ ሰሞኑን ተዘግቷል። በበቅሎ ዞሮ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ አይልም።

ቆየት ብለው ሼህ እንድሪስ መጡ። የሰፈሩ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። «ስልኳ አንተ ጋ ነው አሉኝ። አልሐምዱሊላህ! እሷ ጋ ቢሆን፣ ደሴ ደርሶ ሲመለስ አንዱ በኢሞ ያፈርጠው ነበር። እንዳትመልስላት ልጄ።» እጄን ይዘው ዱዓ አደረጉልኝ።

ከሄዱ በኋላ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ ማኅበረሰቡ ዜናን በዝምታ ያስተዳድራል። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር።

የካቲት 1
ገበያ ወጣሁ። ሰዉ ሁሉ ከእትየ ሀያት በርበሬ ይገዛል። ገዝቶ የማያውቀው ሳይቀር። ፊታቸውን የሚያይ የለም፤ ሚዛኑን ነው የሚያየው።

«ዛሬ አገሩ ምን ነካው መምህር? ወላሂ እስከ ዙሁር ሶላት ጆንያው ሊያልቅ ነው!» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። ሁዳ ስትመጣ ቤቱን ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ አሉ። እኔም አንድ ኪሎ ገዛሁ። ብቻዬን ለምኖር ሰው አንድ ኪሎ በርበሬ... ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

ነገ ደሴ እሄዳለሁ። አስራ ሁለተኛው ይቅር።

የካቲት 2፣ ደሴ
ሻይ ቤት ጥግ ይዤ ስልኮቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። በእትየ ሀያት ስልክ ሦስት ድምፅ ወረደ። ሁለቱ የታኅሣሥ ናቸው፣ ሰላምታ። ሦስተኛው ጥር 9 የተላከ ነው።

በሹክሹክታ ነው የምትናገረው። ከጀርባዋ ውኃ ይፈሳል፤ እንዳይሰሙባት ከፍታው ይሆናል።

«እማየ... አሞኛል። ደረቴን ይወጋኛል፣ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ማዳም ሐኪም ቤት አትወስደኝም፣ ሥራ ጠልተሽ ነው ትለኛለች። ለአጎቴ ንገሪው፣ የላከኝ ደላላ ጋ ይሂድ። ደላላው ከደወለላቸው ይፈራሉ። አንዷን እንዲያ ሆኖ ነው ያሳከሟት። አብሽሪ፣ አታልቅሺ እሺ? ግን ቶሎ በይ እማየ።»

ጥር 9። እኔ በ13 እሄዳለሁ ብዬ ነበር። የሞተችው በ27።

ሁለት ሳምንት። እትየ ሀያት እንዳወሩኝ ደላላው ደሴ ነው ያለው፤ አሕመዲን በሁለት ቀን ይደርስበት ነበር። ትድን ነበር ማለት... አላውቅም። ሐኪም አይደለሁም። ግን ሁለት ሳምንት።

አስተናጋጇ መጣች። «ሻዩ አልጣፈጠም?» አንስታው ሄደች።

አራት ጊዜ ሰማሁት። ከዚያ መቅረጫዬን ከስልኩ ጎን አድርጌ ቀዳሁት። ለምን? ለእናትየዋ? ለጥናቱ? እጄ ነው የቀደመኝ። ስም ሰጠሁት፦ ተ9 ድምፅ 3።

የካቲት 4
ለሼህ እንድሪስና ለጋሽ ንጉሡ አሰማኋቸው። ሼኹ እስከ መጨረሻው አልሰሙም። እጃቸውን አነሱ።

«ይበቃል። አጥፋው።»

«የእሳቸው ነው እኮ ሼኽዬ...»

«አላህ ሰጠሽ፣ አላህ ወሰደብሽ ብለን እናጽናናት ይሆናል። ይኸን ከሰማች በምን እናጽናናታለን? አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ንገረኝ።»

ፊታቸው አጠፋሁት። ስለ ቅጂው ዝም አልኩ። ስልኩ ከመቼ ጀምሮ እኔ ጋ እንደነበርም አልነገርኳቸውም። አልጠየቁም። ጋሽ ንጉሡ ግን መሬት መሬት ሲያዩ ነበር... ያውቁ ይሆን?

የካቲት 6
አሕመዲን ትናንት ደርሶ ጎረቤት ቤት ተደብቆ አደረ። ሴቶቹ ሰበብ ፈልገው እትየ ሀያትን ራት ጠርተው አበሏቸው፣ ባዶ ሆዳቸውን መርዶ እንዳይሰሙ። ጎህ ሲቀድ ሄድን። ሼኹ፣ የመድኃኔዓለሙ ቄስ፣ አሕመዲን፣ ጋሽ ንጉሡ፣ እኔ ከኋላ።

በሩን ከፈቱ። ሰዉን አዩ። አንድ በአንድ አዩን፣ ዓይናቸው ወንድማቸው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አንተ ከከላላ በዚህ ጠዋት...» አሉ። አልጨረሱትም።

መቅረጫው ኪሴ ውስጥ ነበር። አልከፈትኩትም። ይህም ጨዋነት ተብሎ ይቆጠርልኝ?

የካቲት 19
ስልኩን ለእትየ ሀያት መለስኩ። ከስተዋል። የታኅሣሡን ድምፅ ከፈትኩላቸው፤ ሁዳ ስለ አንድ ድመት እያወራች ትስቃለች። ስልኩን ጉንጫቸው ላይ ለጠፉት።

«በጥር ምንም አላለችኝ?»

«ምንም።»

እንዲህ በቀላሉ ወጣ ከአፌ።

መጋቢት 12
ለአማካሪዬ ስለ ቅጂው ነገርኩት። ለሰው መንገር ነበረብኝ። «ይህ ወርቅ ነው» አለ። «የጥናቱ መክፈቻ አድርገው። ስም አትጥቀስ እንጂ ችግር የለውም።» ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ጥሩ ሁለት ገጽ ናቸው፣ የሚያስጠላኝም እሱ ነው።

ሚያዝያ 3
ዳታ ተለቀቀ። ከተማው ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ዋለ። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ያለቅሳል፣ ይስቃል። እኔ ምድር ጠበበችኝ።

ሚያዝያ 8
እትየ ሀያት ቤቴ መጡ። ቁጭ በሉ ብል እምቢ አሉ፣ ከዚያ ራሳቸው ተቀመጡ። ከሪያድ የሁዳ ጓደኛ በኢሞ አግኝታቸዋለች።

«ለእማየ ልኬላት ዝም አለችኝ ትል ነበር አለችኝ። እስከ መጨረሻዋ ቀን። እማየ ዝም አለችኝ።» ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም። «እኔ ልጄን ዝም ብያት አላውቅም። አንተ ነህ ስልኬን የያዝከው። ንገረኝ።»

ሼኹን ሰበብ ላደርግ አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ቅጂው ያለበትን ላፕቶፕ አወጣሁ።

ሰሙት። አላለቀሱም። «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። «ድገመው።» ሦስተኛው ላይ «ቶሎ በይ እማየ» ስትል፣ ቀስ ብለው «አቤት» አሉ።

«መቼ ነው ይኸ?»

«ጥር 9።»

«ስልኬን ስሰጥህ ለጥምቀት አምስት ቀን ይቀረው ነበር።»

«አዎ።»

«የት አስቀመጥከው?»

መሳቢያውን አሳየኋቸው። ተነሥተው ሳቡት። ባዶ ነው፣ አንድ የቁጥር ወረቀት ቀርቶበታል። እጃቸውን አስገብተው ታቹን ዳበሱት፣ መልሰው ዘጉት።

«ለካ እዚህ ውስጥ ሆና ነው ስትጣራ የነበረች።»

ቅጂውን ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። ከእኔ ዘንድ አጠፋሁት፣ የጻፍኩትን ሁለቱንም ገጽ ጭምር። እስከ በሩ ልሸኛቸው ስነሣ «ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።