«ማን አለው» የውሻዬ ስም እንጂ ጥያቄ ስላለመሆኑ

ቀን፦ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. (ሐሙስ ጠዋት)

ለጥድ በር ክፍለ ከተማ የገበያ ሥርዓትና የእንስሳት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደብረ ብርሃን

አመልካች፦ ሞላልኝ ወልደኪዳን፣ ጡረተኛ የሽመና ማሽን ሠራተኛ፣ የቤት ቁጥር 318

ጉዳዩ፦ በስህተት «ባለቤት የለውም» ተብሎ ተመዝግቦ የተያዘው ውሻዬ ነገ ዓርብ ከመወገዱ በፊት እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህን የምጽፈው በመሥሪያ ቤትዎ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው። በር ላይ ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ ነገሬን በአምስት መስመር ጨርሶ ሰጠኝ፤ ሳነበው ውሻው የእኔ መሆኑ እንኳ አልተጻፈበትም። ቀድጄ ጣልሁትና በእጄ ጀመርሁ። ጽሕፈቴ ቢጣመም ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍና ስለቸኮልሁ ነው። ነገ ሰባተኛው ቀን ነው።

1. እኔ አመልካች ትውልዴ አንኮበር፣ ከጎረቤላ አለፍ ብሎ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ወደዚህ ከተማ መጥቼ ሠላሳ አንድ ዓመት ሽመና ማሽን ላይ ቆሜ ሠርቻለሁ። ሥራው ጆሮዬን በላው። ግራው ጨርሶ አይሰማም፤ ቀኙም ነጎድጓድ ካልሆነ አይነቃም። እኛ የማሽን ሰዎች ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የምንነጋገረው ከንፈር አይተን ስለነበር፣ ሰው ፊቱን ካዞረልኝ የሚለውን አውቃለሁ። ችግሩ ይህ ከተማ ብርድ ነው። ኅዳር ከገባ ሰው ሁሉ አፉን በፎጣና በሻርፕ ጠቅልሎ ነው የሚናገረው፤ በመሥሪያ ቤትዎም እንደዚያው። ስለዚህ መልስ የሚሰጠኝ ሰው እባክዎ አፉን ገልጦ ይስጠኝ። ይህንም እንደ አንድ አቤቱታ ይቁጠሩልኝ።

2. ውሻው ቡላ ነው፤ ዕድሜው አራት ዓመት፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የተቆረጠ። ስሙ ማን አለው ይባላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የምወጣው ከእሱ ጋር ነው። መጀመሪያ ወፍጮ ቤት፣ ቀጥሎ ሽንኩርት ተራ፣ ሥጋ የሚበላበት ቀን ከሆነ ደግሞ ሥጋ ቤት እንሄዳለን። እኔ ስገባ እሱ ውጭ ይቀራል። መዳፌን ወደ መሬት ካሳየሁት ይቀመጣል፤ እስክመጣም አይነሣም። ባጃጅ ከኋላዬ ሲመጣ ግራ ጉልበቴን በትከሻው ይገፋኛል፤ እኔም ዞሬ ሳላይ ወደ ዳር እወጣለሁ። እሱ ከመምጣቱ በፊት አንድ ባጃጅ ገጭቶኝ ሦስት ወር ተኝቻለሁ። ከእሱ ጋር መሄድ ከጀመርሁ ወዲህ አንድም ቀን አልተነካሁም።

ጠባዩን የሚጠራጠር ቢኖር ባለ ሥጋ ቤቱን ኃይለ ገብርኤልን ይጠይቅልኝ። ሰው ሲሰለፍ ውሻዬም ከሰልፉ ጎን ቁጭ ይላል። ኃይለ ገብርኤል ቅንጥብጣቢ ሲወረውርለት ሥጋውን ትቶ እኔን ነው የሚያየው። እኔ በእጄ አንስቼ ካልሰጠሁት በቀር አይበላም። እንዲህ ያስለመድሁት እኔው ነኝ፣ መንገድ ላይ የተጣለ መርዝ እንዳይበላብኝ ብዬ። አሁን ይኸው ያስለመድሁት ነገር ዕረፍት ነሥቶኛል፤ ምክንያቱን ተራ ቁጥር 6 ላይ ያገኙታል።

3. የኅዳር 12 ጽዳት ሲደረግ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ከገበያ ተሰብስበው በሰባት ቀን ውስጥ እንደሚወገዱ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። አንብቤዋለሁ፤ አልተቃወምሁም። መንገደኛ ውሻ ልጅ ሲነክስ በዓይኔ አይቻለሁ። ማስታወቂያው የእኔን ይመለከታል ብዬ ግን በምን አስቤ!

ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን እኔ ወፍጮ ቤት ስገባ ማን አለውን ከበሩ ፊት ለፊት፣ ወይዘሮ በላይነሽ ሽንኩርት ከምትሸጥበት ምንጣፍ ጎን አስቀመጥሁት። ወፍጮ ውስጥ ደህና ጆሮ ያለውም አይሰማም። በዚያ መሐል ደንብ አስከባሪው አቶ ይርጋ ገመድ ከያዙ ሰዎች ጋር ደርሷል። ውሻውን አይቶ ወይዘሮ በላይነሽን ይህ ውሻ ባለቤት አለው ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷ ገመዱን ስታይ ደንግጣ፣ ውሻው ወደ እሷ እንዲመጣላት በስሙ ተጣራች፦ «ማን አለው! ማን አለው!»

አቶ ይርጋም ጻፈ፦ «ባለቤት የለውም።»

አቶ ይርጋን አልወቅስም። ባለቤት አለው ወይ ተብሎ ተጠይቆ ማን አለው የሚል መልስ ከመጣ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚጽፈው እሱ የጻፈውን ነው። ሁለቴ ስለተጣራች ደግሞ ከልቧ ያዘነችለት መስሎታል። እሷ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ጎረቤቴ ነው፣ ወፍጮ ቤት ገብቷል ብትልም ውሻ ለማስጣል የምትዋሽ መስላው አልሰማትም። ማን አለውም ቢጠራ አልተነሣም፤ ተቀመጥ ብየዋለሁና። ገመዱን አንገቱ ላይ ሲያስገቡለት ቁጭ እንዳለ ነበር አሉ። ዱቄቴን ተሸክሜ ስወጣ ቦታው ባዶ ነው። ወይዘሮ በላይነሽ እያለቀሰች የሆነውን ነገረችኝ፤ እኔ ግን በገበያው መሐል ጮህሁባት።

4. ሰኞ ጠዋት ቢሮ ቁጥር 4 ቀረብሁ፤ ወደ 6 ላኩኝ። 6 ተዘግቶ ስለነበር ወደ 4 ተመለስሁ፤ 4ም ስብሰባ ገብቶ ቆየኝ። ማክሰኞ ቢሮ ቁጥር 6 ወይዘሪት ትዕግስት የምትባል የመዝገብ ሠራተኛ ተቀበለችኝ። መልካም ልጅ ናት፤ ሻርፗን ዝቅ አድርጋ አነጋገረችኝ። የነገረችኝ ግን ይህን ነው፦ ባለቤት የለውም ተብሎ የተመዘገበን ውሻ ባለቤቱ ነኝ ብሎ መጠየቅ አይቻልም። መጀመሪያ መዝገቡ ይታረም፤ መዝገብ የሚያርመው ኃላፊው ነው፤ ኃላፊው ዘንድ ለመቅረብ ደግሞ የባለቤትነት ማስረጃ ያስፈልጋል።

የክትባት ካርዱን ከኪሴ አወጣሁ። የእንስሳት ክሊኒክ ማኅተም ያለበት ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ መከተቡን ያሳያል። «የእንስሳው ስም» በሚለው ቦታ «ማን አለው» ተብሎ ተጽፏል። ልጅቱ አንብባ መለሰችልኝ። አባባ፣ በስሙ ቦታ ጥያቄ ነው የተጻፈው፣ ስሙን አስሞልተው ይምጡ አለችኝ። ወይ ጉድ! ስሙ እኮ ነው ብዬ ስናገር፣ ድምፄን መመጠን ስለማልችል ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ትናንት ረቡዕ ስመለስ ነገሩ ገብቷት ጠበቀችኝ። ለውሻው ጠባይ ዋስ የሚሆን ሰው ከፈረመ ለኃላፊው አቀርብልዎታለሁ አለችኝ። ቅጹን ዘርግታ፣ እስክሪብቶውን ሰጥታ ጠየቀችኝ፦ አባባ፣ ማን አለዎት?

በቅንነት ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን እስክሪብቶውን አስቀምጬ ወጣሁ።

5. ለውሻ እንዲህ ያለ ስም ለምን እንዳወጣሁ እርስዎም መጠየቅዎ አይቀርም። ትዕግስትም ስለ ስሙ ስትጠይቀኝ አፍሬ ሳልነግራት ቀርቻለሁ። ዛሬ ግን ሳልጽፈው ብቀር መዝገቡ አይቃናም።

በእኛ አገር የውሻ ስም ለውሻው ብቻ እንደማይወጣ ያውቃሉ፤ ለጎረቤትም ነው። ፊት ለፊት የማይሉትን ውሻ ሲጠሩ ይሉታል። ባለቤቴ ወይዘሮ ታንጉ ያረፈችው በ2013 ዓ.ም. ጥር ወር ነው። ልጅ አልወለድንም። በሠልስቷ ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ፣ ይህችው ወይዘሮ በላይነሽ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ለአጠገቧ ሴት ስትናገር ከንፈሯን አየሁ። «ከእንግዲህ እሱ ማን አለው?» አለች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ አፏ መለሰች፤ ሌላ ያየሁት የለም። የማልሰማ መስሏት እፊቴ ላይ! ታንጉን ቀብሬ ሦስት ቀን ሳይሞላኝ! ደሜ ፈላ። ሰው የሌለው፣ ዘመድ የሌለው፣ ቢያጠቁት የማይጠየቁበት ብላ ያየችኝ መሰለኝ።

ወሩ ሳያልቅ ቡችላውን አገኘሁ። እሷ እንድትሰማልኝ ማን አለው አልሁት። ጠዋት ማታ በአጥሩ በኩል እየጮህሁ ጠራሁት፤ አራት ዓመት ሙሉ። ሽንኩርት ከእሷ መግዛቴን አላቆምሁም፣ ሌሎቹ የበሰበሰ ያደባልቃሉ። ሰላምታ ግን አልነበረንም። ታንጉ ብትኖር ኖሮ አንተ ሰውዬ፣ ሴትዮዋን ሄደህ ብትጠይቃት ምን ይቀንስብሃል ትለኝ ነበር። አልጠየቅሁም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ውሻዬን ያስያዘው የአቶ ይርጋ ጆሮም የወይዘሮ በላይነሽ አፍም አይደለም። የኔ ቂም ነው። እሷ በስሙ ጠራችው፤ ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ መቀመጥ አልቻልሁም፤ ቤት ገባሁ ስል ተነሥቼ እወጣለሁ፣ ወጣሁ ስል መሪዬን ያጣሁ ይመስል መንገዱ ይጠፋኛል። ትናንትማ ከቤቴ ስወጣ መዳፌን ወደ መሬት አሳየሁ፤ የሚቀመጥ አልነበረም።

6. ውሻው ያለው ከመጋዘኑ ጀርባ፣ በቆርቆሮ በታጠረው ግቢ ውስጥ ነው። ከእሑድ ጀምሮ በየቀኑ ዳቦ ይዤ በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ዘበኛው ባለቤት አይደሉምና አላስገባዎትም ይለኛል። ትእዛዝ ነው፤ አልከራከረውም። በቆርቆሮው ቀዳዳ ግን አየሁት። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቁጭ ብሏል። ዘበኛው ራሱ እንደነገረኝ ውሃ ከመጠጣት በቀር የሚሰጡትን ሁሉ አሽትቶ ይተዋል። እነሆ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። በሞቴ፣ የታመመ ነው ብለው እንዳይጽፉበት! እጄን ነው የሚጠብቀው።

ነገ ዓርብ ለውሾቹ ሥጋ እንደሚሰጣቸው ሰምቻለሁ። ምን ዓይነት ሥጋ እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቀዋለን። የእኔው ግን ከሰው እጅ አይበላም። የማይበላውን ምን ታደርጉታላችሁ ብዬ ዘበኛውን ብጠይቀው ፎጣውን ወደ አፉ መለሰ። ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው።

7. ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምነው፦

ሀ) በኅዳር 14 መዝገብ ላይ «ባለቤት የለውም» የሚለው ተሰርዞ፣ «ስሙ ማን አለው፤ ባለቤቱ ሞላልኝ ወልደኪዳን» ተብሎ እንዲታረምልኝ፤

ለ) ውሻው ዛሬውኑ እንዲሰጠኝ፣ ይህ ባይቻል እንኳ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ በእጄ እንዳበላው እንዲፈቀድልኝ፤

ሐ) ወደፊትም ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይዤው እንድወጣ እንዲፈቀድልኝ ነው። ገመድ ሳላስርለት መውጣቴ ጥፋት ነው፤ አልክድም። ገመዱን ገዝቼ ይኸው ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። ወፍጮ ቤትም ሥጋ ቤትም ውስጥ አይገባም፤ ድሮም አልገባም።

ስሙን እንድቀይር ከታዘዝሁም እቀይራለሁ። በአዲሱ ስም እስኪለምድ ግን ቢያንስ በሕይወት ይቆይልኝ።

የዋሱን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። አብረውኝ ማሽን ላይ ከቆሙት ሁለቱ አርፈዋል፣ አንዱ ደብረ ሲና ልጁ ዘንድ አልጋ ላይ ነው። ሌላ የምጽፈው ሰው አላገኘሁም። በዚህ ምክንያት ማመልከቻዬ እንዳይመለስ አደራ እላለሁ፤ ወረቀት እስኪመላለስ ዓርብ ይደርሳል።

ከአክብሮትና ከጭንቀት ሰላምታ ጋር፣

ሞላልኝ ወልደኪዳን
(ፊርማ)

አባሪ፦ የክትባት ካርድ፣ አንድ ገጽ

ዋስ፦ በላይነሽ ይርጋለም፣ ሽንኩርት ነጋዴ፣ የቤት ቁጥር 319

ሽንኩርቴን ለሰው አደራ ሰጥቼ ስመጣ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው፤ ወረቀቱን ከእጃቸው ቀምቼ አንብቤ የጨመርሁት ነው። ቅዳሜ ዕለት ማን አለው ያልሁት ውሻውን ስጠራ እንደነበር አረጋግጣለሁ። ውሻው ማንንም ነክሶ አያውቅም። ስሙ ለእኔ እንደወጣ ድሮም ገብቶኛል፤ በምን እንዳስቀየምኋቸው ግን ያወቅሁት ገና አሁን ሳነብ ነው።

በለቅሶውም ቀን ተናግሬዋለሁ፣ አልክድም። ግን ጋሽ ሞላልኝ ያዩት ግማሹን ነው። ነጠላዬን ወደ አፌ የመለስሁት እንባ ቀድሞኝ ነበር። ከነጠላው ሥር እንዲህ ብዬ ነው የጨረስሁት፦ «ከእንግዲህ እሱ ማን አለው? እኛው ነን እንጂ።»

ለውሻውም ለሰውየውም ዋስ ነኝ።

(ፊርማ)