ጣቶቿን አንድ በአንድ

ይድረስ ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? የባለቤትሽ ሳልስ ተሻለው? ሳሎኑ ጥግ ያስቀመጥሽው ባልዲ አሁንም የጣሪያውን ውሃ ይቀበላል ወይስ ቆርቆሮው ተቀየረ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ከወገቤ በቀር የሚነገር ሕመም የለኝም፤ የማይነገረውን አንቺው ታውቂዋለሽ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዐሥራ አንድ ቀን ሆነው። ሳልመልስ የቆየሁት ከስንፍና አይደለም። ልጄ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሲኒማ ገብታ እኔ ያለሁበትን ፊልም እንዳየች፣ ቤት ስትመለስ ክፍሏን ዘግታ እንዳደረች፣ ጠዋት ላይ «ያቺ ሕፃን እኔ ነኝ፤ ለሠርጌ እንዳትመጣ» እንዳለችሽ ጽፈሽልኛል። አንቺ ፊልሙን አላየሽውምና «ምን አድርገሻት ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ላንቺ መዋሸት ድሮም አልችልበትም፤ ከሥሩ ልንገርሽ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ከሌላ ሰው ጎን መቆም ነው። ትሪ ይዤ ገብቻለሁ፣ ነርስ ሆኛለሁ፣ ወሬኛ ጎረቤት ሆኛለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ ወዲህ ግን እናት ብቻ ነኝ። ቴአትር ቤት ውስጥ «የሁሉ እናት» ነው የሚሉኝ። በስድስት ዓመት የሚበልጠኝን ሰውዬ ሳይቀር ወልጃለሁ። ስሜ ፖስተሩ ላይ ከታች፣ ከማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር በላይ ይጻፋል፤ የለጣፊው እጅ ሙጫ ካበዛ እሱም አይነበብም። የዋናዋን ተዋናይት ቃል ከራሴ ቃል ጋር አብሬ አጠናለሁ፤ ስትረሳ ጥያቄ አስመስዬ አቀብላታለሁ፣ ጭብጨባው ለእሷ ይሆናል። ተከፍቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ ግን ለምጄው ነበር።

በአንድ ነገር ግን ማንም አይደርስብኝም ነበር፤ በለቅሶ። ገና ስጀምር አሮጊቷ የሜካፕ ባለሙያ ፊቴን እየቀባች «ከቤትሽ አንድ የሚያምሽን ነገር ምረጪ። ለማንም አትንገሪ፤ ማልቀስ ሲያስፈልግሽ ብቻ አውጪው» አለችኝ። እኔም መረጥኩ። ደጅሽ ላይ የተለያየንበትን ቀን መረጥኩ።

ትዝ ይልሻል። ባሌ ከሞተ ዓመት አልሞላውም፤ የቴአትር ቡድኑ ከከተማ ከተማ ሊዞር ነው፤ አንቺ «ለስድስት ወር እኔ ጋ ትቆይ» አልሽኝ። አራት ዓመቷ ነበር። ቀሚሴን ጨብጣ አልለቅም ስትል፣ ጎንበስ ብዬ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅኋቸው። ከትንሿ ጀመርኩ፤ አውራ ጣቷ መጨረሻ ቀረች። አንቺ ከኋላ ይዘሻት ነበር። ስድስቱ ወር ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ፤ በዓመት አንዴ እንደ እንግዳ ብቅ እያልኩ፣ ልኳ ያልሆነ ጫማ እየገዛሁላት።

ያንን ቀን በየትርዒቱ አወጣሁት። አውራ ጣቷን ሳስብ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ይባል የለ? ግን እትዬ፣ ልብስም ሲታጠብ ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል። ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆን ጣቷ ብቻ አልበቃኝ አለ፤ የበርሽን መቀርቀሪያ ድምፅ ጨመርኩበት። ከዚያ ጩኸቷን ጨመርኩ። በመጨረሻ ምንም ባስብ ዓይኔ እንደደረቀ ቀረ። ለማንም ሳልናገር በመሐረብ ሽንኩርት ቋጥሬ መድረክ መውጣት ጀመርኩ።

ካሜራ ፊት ግን ሽንኩርት አያዋጣም። በዚህ ፊልም ዋናዋ ተዋናይት ዘመድ ቤት ያደገች ሴት ናት፤ እኔ ትዝታዋ ውስጥ ለአራት ደቂቃ የምትታይ እናቷ ነኝ። ዳይሬክተሩ «ቁሚና አልቅሺ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለኝ። ስድስት ጊዜ ቀረጹኝ፤ ስድስቴም ደረቅሁ። ባለመብራቱ ሰዓቱን አየ። አንዷ የዓይን ጠብታ ይዛ መጣች። ያን ጊዜ አፈርኩና «ለቅሶውን ተወው፤ በእጄ የምሠራው ነገር አለ» አልኩት። ልጄን ሆና የምትጫወተውን ሕፃን ቀሚሴን አጥብቃ እንድትይዝ ነገርኳት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ከትንሿ ጣቷ ጀመርኩ።

ሲያልቅ ባለመብራቱ ፊቱን አዞረ፤ ዳይሬክተሩ አቀፈኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው የነበረው ይህንን ነው እትዬ፤ ደስ አለኝ። በዚያ ሰዓት ልጄ ትዝ አላለችኝም። በሆዴ ያልኩት «ተሳካ» ነው። ፊልሙ ሲወጣ ስሜ ፖስተሩ ላይ ሁለት መስመር ከፍ አለ፤ የምርጥ ረዳት ተዋናይት ሽልማትም ሰጡኝ፤ ዋንጫውን አቅፌ ቤቴ ገባሁ። የአራት ዓመት ልጅ ምን ታስታውሳለች ብዬ ነበር። ለካ ሁሉንም ታስታውሳለች፤ ከየትኛው ጣት እንደጀመርኩ ጭምር።

«ትመጣና ታለቅሳለች፤ የትኛው ለቅሶ እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ?» ያለችውን ሳትቀንሺ ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ለእኔ ብለሽ ልትደብቂው ትችይ ነበር። ልክ ናት። ይቅርታ ብጽፍላት ከየትኛው ቴአትር ያጠናሁት እንደሆነ ትጠይቃለች፤ እኔም እርግጠኛ ሆኜ መመለስ መቻሌን እንጃ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ቃሏን አክብሬ እቀራለሁ። በእናትነት ወንበር አንቺ ተቀመጪ፤ ወንበሩ ድሮም ያንቺ ነው። እኔን አስበሽ በሠርጓ ቀን ፊትሽን እንዳታጠቁሪባት አደራ።

ባለቤትሽን ሳሉን ችላ እንዳይለው ንገሪልኝ፤ ጤና ይስጥልኝ በይው። ትልቁን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ ጢም ካበቀለ ወዲህ መሳም ያፍራልና በግድ ይዘሽ ሳሚው። መንታዎቹ ሴቶች በትምህርታቸው ይበርቱ፤ ተዋናይ እንሆናለን ካሉሽ አንዴ ወደ እኔ ላኪያቸው፣ አይተው ይመለሳሉ። ሞት ይርሳኝና ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በይልኝ። የሠርጉን ቀሚስ የምትሰፋው እሷ ከሆነች ወገቡን እንዳታጠብቀው። ልኳን ግን እኔን አትጠይቁኝ፤ አላውቀውም።

ለልጄ ሰላምታ አልልክም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪልኝ። ቃሏን ካነበብኩ ዐሥራ አንድ ቀኔ ነው፤ አንድ ጠብታ አልወጣኝም። እውነተኛው ለቅሶ እንዲህ መሆኑን እኔም ገና አሁን ማወቄ ነው በያት።

ታናሽ እህትሽ

ከቴአትር ቤቱ ጀርባ፣ ከተከራየሁበት ክፍል
ጥቅምት 17 ቀን