የማያልቀው ሰላምታ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ሶዶ

ዛሬ አሸናፊ ተሳካለት፤ ያረርኩት እኔ ነኝ። ለማስተርስ እኔና እሱ የያዝነው ርዕስ አንድ ዓይነት ነው፦ ታወር በሌለበት ስልኮች ድምፅ እየተቀባበሉ ሳይዘገይ እንዲያደርሱ ማድረግ። የእኔ እስካሁን ከኮምፒውተር አልወጣም። እሱ ግን ስልኮቹን ለክፍል ልጆች አድሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በተነን። እኔን መሀል አቆመኝ፤ ድምፁ በእኔ ስልክ በኩል ያልፋል።

የሚናገሩት ከቦዲቲ የመጡት እናቱ ናቸው። የወላይታ ሰላምታ አያልቅም፤ እሳቸውም ከልጅ እስከ ላም የሁሉንም ደኅንነት ይጠይቃሉ። አማካሪያችን ማዶ ሆነው እየሰሙ ይስቃሉ። ለእኔ ሥራ አንድ ቀን እንኳ ጥርሳቸውን አሳይተው አያውቁም። አላስቻለኝም። ስልኩን እንደያዝኩ ከግቢው ወጣሁ። ይቆረጥበት!

ከአጥሩ ውጪ ሆኜ ዞር ብዬ አየሁ። አማካሪው አሁንም ይስቃሉ። ድምፁ እኔን ትቶ በሌሎቹ ስልክ ዞሯል።

አሸናፊ ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ። «የመሀሉ ሰው ሲሄድ መንገድ እንደሚቀይር ያሳየሁት በአንተ ነው! እንዴት አሰብከው?»

እናቱም ደረሱ። ወንድሞቼን፣ እህቶቼን፣ ላማችንን ሳይቀር ጠየቁኝ። «ሁሉም ደኅና ነው» አልኳቸው። «አንተስ?» እንዳይሉኝ ብቻ ፈራሁ።