ወርቅ የከበደው ጆሮ

ጥቅምት 8
አርብ። ሥራ የለም። ልብሴን አጠብኩ፣ ተኛሁ። ስነሳ ትራሱ ላይ እርጥብ ነገር... ግራ ጆሮዬ። ትንሽ ደም፣ ትንሽ ውሃ። ባለፈው የጨመርኳት ሎቲ ናት። ትከብዳለች፣ ግን ታምራለች።

ሰዓዴ አይታ ፊቷን አጨማደደች። የክፍል ጓደኛዬ ናት፣ የከሚሴ ልጅ። አውጪው አለችኝ። አውጥቼ የት ላስቀምጠው? እዚህ ዓረብ አገር ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት የለን፣ ሹርጣ፣ ፖሊሳቸው ከያዘን በለበስነው ልብስ ነው የምንሄደው። ሻንጣ ይቀራል፣ ጆሮ አይቀርም። ለዚህ አይደል ያገኘሁትን ሁሉ ወርቅ እየገዛሁ ጆሮዬ ላይ የማንጠለጥለው? በላዩ ሂጃብ፣ ማን ያያል? ቀዳዳውን አክስቴ በልጅነቴ በሰንበሌጥ እያሰፋች ነው ያሳደገችው፣ ወፍራሙን ሁሉ ይችላል። ሲከብደኝ ጥቁር ክር በአናቴ አሳልፌ ሁለቱን ወገን አስራለሁ፣ ጭንቅላቴ ያግዘዋል።

እናቴ ሐይቅ ከተማ ወንድሟ ጓሮ ነው የምትኖረው። ይሄ ወርቅ የምሠራላት ቤቷ ነው። ጆሮዬ ባንኬ ነው ስላት ሰዓዴ ትስቅ ነበር። ዛሬ አልሳቀችም።

ጥቅምት 11
ያሳክካል። ያቃጥላል። ሽቶ ቀባሁበት፣ አልኮል አለው ብዬ... እንባዬ መጣ።

የማጸዳላት ማዳም አፍንጫዋን ይዛ ይሄ ምን ሽታ ነው አለች። ባሊዓው፣ የፍሳሽ መውረጃው ይሆናል አልኳት። ባሊዓውን ሁለቴ አሳጠበችኝ! ሽታው ከኔ እንደሆነ እያወቅኩ ፍሳሽ ሳጥብ ዋልኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፣ እኔን ማለታቸው ነው። ሰዓዴ ለካ ካወቀች ሰንብታለች።

ጥቅምት 12
ሰዓዴ ሳትነግረኝ እትዬ ራዲያን አመጣች። ከኛ ሁሉ ቀድማ የመጣች ሴት ናት። ተናደድኩ። የኔን ገመና ለሰው ምን አስነገራት?

እትዬ ራዲያ ሻሿን ገለጥ አድርጋ የራሷን ጆሮ አሳየችኝ። ለሁለት የተሰነጠቀ ሥጋ፣ እንደ ላም ጡት ወዲያና ወዲህ የተንጠለጠለ። እሷም እንደኔ ወርቅ ትደርብ ነበር። አንዴ አሰፍታው ነበር፣ ግን የዳነውን ዳር ሳያድሱ እንዳለ ስለሰፉት አልያዘም፣ ተመልሶ ተከፈተ። የሰው ዓይን መጀመሪያ እዚያ ነው የሚያርፈው አለች።

ከዚያ የስልኳን መብራት ከጆሮዬ ኋላ አበራችው።

"መጀመሪያ ይሳሳል። ብርሃን ያሳልፋል። ያኔ ካወረድሽው ይተርፋል። እኔ ያኔ አላወረድኩም፣ ልጄ።"

ብርሃን ያሳልፋል ወይ ብዬ ሰዓዴን ጠየቅኳት። ክሩን ልትፈታልኝ እጇን ዘረጋች።

ጥቅምት 13
አላወረድኩም።

ጥቅምት 16
ሰይደሊያ፣ መድኃኒት ቤት ሄድን። ለወንድ ጆሮ ገልጦ ማሳየት የለም፣ ሰዓዴ በስልኳ አንስታ ፎቶውን ለመድኃኒት ሻጩ ሰጠችው። ጃቢር ይባላል፣ የመኒ ነው። አጉልቶ ብዙ አየው።

እዚያ ቦታ አጥንት የለም አለ፣ ቆዳና ስብ ብቻ። ክብደት የጎተተው እየሳሳ ይሄዳል። ከልኩ ካለፈ ደግሞ ብታወርጂውም ቀዳዳው አይገጥምም። አልኮል እንዳትነኪ። ጨው ያለበት የፈላ ውሃ አቀዝቅዘሽ ጠዋትና ማታ እጠቢው፣ ይሄን ቅባት በስሱ ቀቢው። ሲድን በዘይት እሺው፣ ከባድ ነገር ለብዙ ወር አይግባበት። ቅላቱ ወደ ጠንካራው የጆሮሽ ክፍል ከወጣ ግን ሐኪም ቤት፣ ሙስተሽፋ ሂጂ፣ አንድ ቀን እንዳታሳድሪ።

ሙስተሽፋ ኢቃማ ይጠይቃል አለችው ሰዓዴ። ቅባቱን ጠቅልሎ ሰጣት።

ወርቁ እያለ ቅባቱ ምን ይሠራል? አውቃለሁ። ግን ሳወጣው... እናቴን ከቤቷ የማስወጣት ያህል ይሰማኛል።

ጥቅምት 19
ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ሳሩኽ፣ ከድንበር ማዶ የሚተኩሱት ሚሳይል መጣ። አየር ላይ መቱት መሰለኝ፣ ሰማዩ ተሰነጠቀ። ጎንበስ ብዬ ልሮጥ ስል የልብስ ማስጫው ሽቦ ሂጃቤን ያዘው፣ በሂጃቤ ውስጥ ክሩን። ክሩ ደግሞ ሎቲዎቹን።

ጆሮዬ ሲቀደድ ድምፁን ሰማሁት። የጨርቅ ድምፅ ነው ያለው። ማዳም ሳሩኹን ፈርቼ የማለቅስ መስሏት ውሃ ሰጠችኝ።

ግራው በቀጭን ሥጋ ብቻ ተይዟል። ማታ ትኩሳት።

ጥቅምት 20
ኸላስ፣ በቃ። ወርቁ ወረደ።

ሰዓዴ ቅርፊቱን ለብ ባለ ውሃ እያራሰች አንድ በአንድ አወጣችው። ጥርሴን ነከስኩ። ስትጨርስ ጭንቅላቴ ቀለለኝ።

ሰዓዴ በምትሠራበት ቤት፣ ሥራ ሲበዛ የምታድርበት የራሷ ክፍል ከነቁልፉ አላት። እኔ በትኩሳት ተኝቼ፣ ክፍላችን በማንኛውም ቀን ሊሰበር ይችላል። እዚያ ላስቀምጥልሽ አለች። ብዙ አሰብኩ። በመሐረብ ቋጥሬ ሰጠኋት።

"አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር" አልኳት።

"ወላሂ ኢታፌ፣ ነፍሴ ሳይወጣ ከኔ አይወጣም።"

ጡቷ ሥር አድርጋ ሄደች።

ጥቅምት 22
አልመጣችም። ስልኳ ዝግ ነው።

ጥቅምት 24
ዛሬም ዝግ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ... እናቴ ሁሌ ትል ነበር። ማን ነው አውጪው አውጪው ያለኝ? ማን ነው ራዲያን ያመጣው? እመቤቴ፣ አታሳብጂኝ።

ጥቅምት 27
እትዬ ራዲያ መጣች። ሰዓዴ የሄደች ለት ጀዋዛት፣ የኢሚግሬሽን ፖሊሶቹ፣ መንገድ ላይ ታክሲ አስቁመው ሁለት ሐበሻ ሴቶች ወስደዋል ተባለ። ፊታቸውን ያየ የለም።

"እሷ አይደለችም። ሌባ ናት፣ ይዛ ጠፍታ ነው" አልኩ።

የያዘችውን የጨው ውሃ አስቀምጣ ተነሳች። ደህና ዋይም ሳትለኝ ወጣች።

ኅዳር 9
ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ቅላቱ ወደ ላይ ሳይወጣ ቀረ፣ ተመስገን። ጠዋትና ማታ እያጠብኩ ነው። ቀጭኑ ሥጋ ይዟል፣ እየወፈረም ይመስላል። ቀዳዳው ግን እንደተከፈተ ነው፣ ትንሿ ጣቴ ታልፍበታለች። አይገጥምም ብሎኛል ጃቢር።

እናቴ ደወለች። ወርቁስ አለችኝ። አለ አልኳት። ደህና ነው አልኳት። ዘግቼ ጮኼ አለቀስኩ። ሰዓዴን ባገኛት... ምን አደርጋታለሁ? እንጃ። በዱዓም በጸሎትም ስረግማት ነው የማድረው።

ታኅሣሥ 21
የእናቴ ቁጥር ደወለ። አነሳሁት። ሰዓዴ ናት።

እሷ አወራች።

ተይዛ ነበር። ታክሲው ሲቆም መሐረቡን ፈትታ በኒቃቧ ሥር ሁሉንም በጆሮዋ ቀዳዳ አንጠለጠለችው። የሷ ቀዳዳ እኮ ስንጥር ነው የሚያሳልፈው! የኔን ወፍራም ሎቲ በምን አቅም እንዳስገባችው እንጃ። ቦርሳዋም ስልኳም ቀረ። ተርሂል፣ አገር እስኪመልሷቸው የሚያጉሩበት እስር ቤት ውስጥ፣ ከዚያ ሁሉ ሴት ጋር ተጨናንቃ ስትተኛ አላወረደችውም። ቆሰለ፣ መገለ፣ አላወረደችውም። ግራው እዚያው ተቀደደ። የወደቀውን ለቅማ በቀኙ ላይ ደረበችው።

ሲመልሷት ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ያዘች። ከሚሴን፣ የራሷን አገር፣ በመስኮት እያየች አለፈችው። መጀመሪያ አደራሽን ብዬ ነው አለችኝ። ሐይቅ ገብታ እናቴ ፊት ነው ያወረደችው።

ሌባ ብዬሻለሁ አልኳት። ለሰው ጭምር ነው ያልኩት አልኳት።

"እኔም ብሆን እል ነበር" አለች። ቀጥላ፣ ድምጿ አንሶ፣ "ኢታፌ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። የተቀደደው ይመለሳል?"

ልዋሻት ፈለግሁ።

"አይመለስም። ቁስሉ ሲድን ሐኪም ዳሩን አድሶ ሊሰፋው ይችላል፣ ጠባሳው ግን ይኖራል። ቀኙን እናድነዋለን።"

"እሺ" አለች። እንደ ልጅ።

ስልኩን ለእናቴ ሰጠቻት። የጨውና የውሃውን ነገር አስረዳኋት፣ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ በንጹህ ጨርቅ። እናቴ ሰማችኝና፣ ወርቁን ለቤቱ ደብቄ ላስቀምጠው አለችኝ።

"ቤቱ ይቆያል እማዬ። ሽጪና ደሴ ሐኪም ቤት ውሰጃት።"